ኮምፒዩተሩ ጳጉሜን አልቀበልም ያለ ጊዜ

እናቴ የምትሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት፣ እሳት ክፍል ውስጥ ነው። ቤት ወይም ሱቅ ቢቃጠል ካሳ የሚከፍለው ይኸው ክፍል ነው። የእሷ ሥራ ውሉ ሊያልቅ ለተቃረበ ደንበኛ ማስታወሻ መላክ ነበር። የደንበኞቹ ካርድ በየወሩ መሳቢያ ይቀመጣል፤ ጳጉሜም የራሷ ትንሽ መሳቢያ ነበረቻት።

ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተር መጣ። ክፍል ለብቻው ተሰጠው፣ እኛ ቤት የሌለ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ጫማ ሳያወልቁ ወደ እሱ መግባትም ተከለከለ። እናቴ ኮርስ ወስዳ ካርዶቹን ወደ ማሽኑ ማስገባት ጀመረች። እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆነ፤ አዲስ አማች የመጣልን ነው የሚመስለው። ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ግን አማቹ እምቢ አለ። ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«መስከረም አንድ ብዬ አስገባኋቸዋ! አምስት ቀን ምን አላት?»

እኔም ምንም የላትም ብዬ እራቴን በላሁ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ጠዋት፣ ለጥገና የሰጠነውን በርጩማ ላመጣ ጌጃ ሰፈር አናጢው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሥራ ቤታቸው ውስጥ ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ደጃቸው ላይ ልጆች የማታውን ችቦ ያስራሉ።

«አንቺ የኢንሹራንስ ልጅ! እናትሽ ዘንድሮ ረሳችኝ እንዴ? ያቺ ወረቀት ቀረች እኮ። እኔ እሷን አይቼ ነው የማድሰው።»

«ውልዎ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ጳጉሜ ሁለት ነዋ!»

ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ እሳት ይዞ ነው የሚወጣው። በርጩማውን ትቼ ሜክሲኮ ድረስ ሮጥኩ።

እናቴ ስትሰማ አመዷ ቡን አለ፤ የጳጉሜዎቹ ማስታወሻ ከመስከረሞቹ ጋር ከበዓል በኋላ ሊወጣ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ለቀሩት የጳጉሜ ደንበኞች ጓደኞቿ ስልክ መምታት ጀመሩ፤ እሷ ስለ ጋሼ ልትነግር ቀጥታ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጥፋትሽን ከበዓል በኋላ እናየዋለን» አላት። «ያለቀ ውል ዝም ብሎ አይታደስም። ተቆጣጣሪ ቦታውን አይቶ ይፈርም። ስድስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን።»

ተቆጣጣሪው ጃንጥላ የያዙ ወፍራም ሰውዬ ናቸው። በጭቃው እያማረሩ ተከተሉን። በሩ ላይ ቆመው ሰጋቱራውን አዩ፣ ደጅ የተከመረውን ችቦ አዩ፣ ጋሼን አዩ።

«ለዚህ ቤት ኢንሹራንስ ሳይሆን ጠበል ነው የሚያስፈልገው። ይሄ ሁሉ ካልወጣ አልፈርምም።»

«ጌታዬ፣ በዚህ ዝናብ የት አባቴ ላውጣው?»

«እዚያው ዝናቡ ላይ! ከዚህ የተሻለ የት ሊያገኙ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጆንያ አነሳች። ጋሼ አካፋ፣ እኔ መጥረጊያ ያዝን። ችቦ አሳሪዎቹም እየተሳሳቁ ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ቁራጭ እንጨት ለችቦ ይጨምሩልና» ቢል፣ ተቆጣጣሪው በጃንጥላቸው አባረሩት። የሲሚንቶው ወለል ብቅ ሲል ጋሼ ራሳቸው ገርሟቸው፣ «ለካ ስንጥቅ ነበረው!» አሉ።

ሰውየው መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ፈረሙ። እናቴ ወረቀቱን ጉያዋ ከትታ ከጋሼ ጋር በዝናብ ሮጠች። የመሥሪያ ቤቱ በር ሳይዘጋ ደረሱ፤ ውሉ ታደሰ።

ሲመሻሽ በርጩማውን ልንወስድ አብረን ተመለስን። ችቦው መለኮስ ጀምሯል፤ ልጆች በዚያ ጠባብ መንገድ እየዘፈኑ ይተላለፋሉ። ጋሼ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ውል አለዎት» አለች እናቴ። «ይግቡና በዓልዎን ያክብሩ።»

«እናንተ የምትመጡት ከተቃጠለ በኋላ ነዋ!» አሉ፣ ዓይናቸውን ከችቦዎቹ ሳይነቅሉ።

እናቴ ነጠላዋን እንደገና ወገቧ ላይ አሰረችና፣ ከግድግዳው ሥር የነበረውን ሁለተኛ ባልዲ አንስታ አጠገባቸው ቆመች።