ለወላጆች ቀን የተዋስነው ጫማ

ባለፈው ሰኞ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ እንድተይብለት ሰጠኝ። ሠራተኛው ከእንግዲህ በነጠላ ጫማ፣ በሸራና በኮንጎ ቢሮ እንዳይገባ፣ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ወንዱ የተወለወለ ጥቁር ቆዳ፣ ሴቷ ኮቴው የማይረብሽ ዝግ ጫማ እንድታደርግ የሚያዝ ነበር። ተየብኩት፣ ማህተም አስመታሁበት፣ በሩ ላይ ለጠፍኩት። የምንሠራባት ውጫሌ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥልባት አድሮ በማግስቱ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ግማሹ መሥሪያ ቤት ከግቢው በር ፊት ሊስትሮዎቹ ዘንድ ተሰልፎ አገኘሁት፤ የቀለሙ ሽታ፣ ያ ጋዝ ጋዝ የሚል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ፣ አጥሩን ተሻግሮ መጣና እኔን ከቆምኩበት ደረጃ አንስቶ ሐይቅ ከተማ፣ ጋሽ ወርቁ በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ።

ጋሽ ወርቁ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነበሩ። በሰፈራችን ለክብር የሚሆን ጫማ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ያ ባለማሰሪያ ጥቁር ቆዳ የእሳቸው ከመሆን ይልቅ የሰፈሩ ነበር ማለት ይቀላል፤ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄደው፣ ፍርድ ቤት የተቀጠረው፣ ደሴ ለሥራ ፈተና የተጠራው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መጀመሪያ እሳቸው በር ላይ ነው የሚቆመው። ስንቱ ሙሽራ በዚያ ጫማ ተድሯል፤ እግሩ ያነሰው ጫፉ ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቀ፣ እግሩ የገዘፈው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቱን አጨማዶ ፎቶ እየተነሳና ዘመድ አዝማድ ከእናቱ መለየቱ ከብዶት ነው እያለ እያዘነለት። ጋሽ ወርቁ ጫማውን ብቻ አያውሱም፣ ትምህርት ይጨምሩበታል። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንዳያብለጨልጭ በደረቅ ጨርቅ ይደብዘዝ፣ ሹም ፊት ሲቀረብ ግን ይብራ፤ ጭቃ ላይ በእጅ ተይዞ ይኬድ፣ ከተማው ዳር እግር ታጥቦ ይደረግ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግርህን ነው፣ ፊትህን የሚያየው እግርህ ካለፈ ነው ይሉ ነበር።

አባቴ ይህን ጫማ ተውሶ አያውቅም። ዓሣ አስጋሪ ነበርና ስለ ጫማ የራሱ ሕግ ነበረው። ታንኳ ላይ ባዶ እግር፣ ምክንያቱም እግር የውኃውን ልብ ካላዳመጠ ታንኳው ይገለበጣል፤ ከሐይቁ እስከ ቤት ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ እሾህም ድንጋይም የማይበግረው፤ ለጁምዓና ለዒድ ደግሞ የተገኘው ይሆናል፣ አላህ ፊት የማይገባ ነገር ላይ ምን አስጨነቀኝ ይላል። ቀን ሲረጥብ ማታ ሲደርቅ የኖረው ተረከዙ፣ በበጋ ውኃው ሲሸሽ እንደሚሰነጠቀው የሐይቁ ዳርቻ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በሳሙና ቢፈትጉትም የቆሮሶ ዓሣ ሽታ አይለቀውም። ያን እግር እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ እንደ ማንኛውም እግር ነበር የማየው።

ማንበብ አይችልም፣ ቃል ግን ይወድ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንዙማ የሚባልበት ቤት ይዞኝ ይሄድና ከሴቶቹ ጋር ያስቀምጠኛል። ደጃፉ ላይ የባለሱቁ ቆዳና የገበሬው ኮንጎ ተደራርቦ ይከመራል፤ አባቴ ግን የሱን በረባሶ ከክምሩ ራቅ አድርጎ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ይገባል። ለምን እንደሚያወልቅ ስጠይቀው፣ ቃል ያለበት ቤት በጫማ አይረገጥም አለኝ። እኔም ማንም ሳያስተምረኝ ስንኝ መቋጠር የጀመርኩት ከዚያ ቤት እየተመለስኩ፣ የደብተሬን የጀርባ ገጾች እየሞላሁ ነው። ወደ ማታ መረቡን ሲጠግን አነብለታለሁ፤ አስተያየት አይሰጥም፣ መርፌውን ያቆማል እንጂ። መርፌው ሳይቆም ካለፈ ስንኙ እንዳልሰመረ አውቄ እሰርዘዋለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ፣ ለወላጆች ቀን ስለ ሐይቁ የጻፍኩትን ግጥም አዳራሽ ውስጥ እንዳነብ ተመረጥኩ። ለአባቴ ስነግረው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ይኼ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንችን ሊሰማ? አዎ አልኩት። ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ ሳለ እኔ ቁልቁል እግሩን አየሁ፤ ከወረዳ የሚመጡት እንግዶች፣ አባቶቻቸው ነጋዴና የቢሮ ሠራተኛ የሆኑት የክፍሌ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በዓይኔ መጡና፣

«አባ፣ በዚህ በረባሶ ከመጣህ ባትመጣ ይሻላል» አልኩት።

እናቴ ምላሴን እንድሰበስብ ተቆጣችኝ። እሱ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አጠፋቸው። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ተከተይኝ ብሎ ጋሽ ወርቁ በረንዳ ላይ ወጣ።

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «ሰይድ፣ አንተ ደግሞ በስተርጅና ማንን ልታገባ ነው?»

«ልጀ ልትናገር ነው» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ስፌታቸውን አቁመው፣ ቀለሙን በጣታቸው ቀቡ፣ በብሩሽ መቱ፣ በከፋይ ቁራጭ ፈተጉ፤ የአባቴ እግር ግን አልገባ አለ። ይኼ እግር ሳይሆን መቅዘፊያ ነው እያሉ፣ እግሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ አንዱ እየገፋ አንዱ እየሳበ አስገቡት። ሹም ፊት ስለሆነ ይብራ፣ ተረከዝህን ጎትተህ አትሂድ፣ ስትቀመጥ እግርህን አታነባብር እያሉ መከሩት። አባቴ ሦስት ቀን ከቤታችን እስከ ውኃ ቦኖው ሲመላለስ መራመድ ተለማመደ፤ እናቴ አዲስ የተወለደ ጥጃ መሰልክ ብላ እስክታነባ ሳቀችበት። እኔ አልሳቅሁም፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የበረባሶው ምልክት ይታይ እንደሆነ ነበር የምመረምረው።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መድረኩ ላይ ወረቀቴን ይዤ ከመድረክ መሪው መምህር አጠገብ ቆሜያለሁ። ልጀምር ስል አባቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተከርክሞ፣ ጫማው እስከ መድረኩ ድረስ ሲያበራ ታየኝና ልቤ አረፈ። ያኔ ጎንበስ አለ። ማሰሪያውን ፈታ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየታገለ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን አወለቀ፣ አፋቸውን ወደ ውጭ አዙሮ ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ በዚያ ሰፊ፣ በተሰነጣጠቀ ባዶ እግሩ ወደ አዳራሹ ገባ።

መጀመሪያ የሳቁት ከበሩ ሥር የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። መምህሩ በማይክሮፎኑ፣ አባባ እዚህ መስጊድ አይደለም፣ ጫማዎትን ያድርጉ ሲል አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። አባቴ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሁሉም እጅ ነሳና፣ ወንበር እያለ፣ ግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መምህሩ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ፤ ማይክሮፎኑ በመካከላችን ነበር።

«ያንች ወላጅ ናቸው እንዴ?»

«አይ» አልኩ፤ «የሰፈራችን ሰው ናቸው።»

አንተ እያልኩ ያደግሁትን ሰው አንቱ አልኩት። ድምፄ ከበሩ በላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዞሮ ራሴ ጆሮ ውስጥ ገባ፤ እሱም ከሥሩ ነበር የተቀመጠው። ሳቁ ቆመ። አነበብኩ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጭብጨባው ሲነሳ ቀና ብዬ ባየው ቦታው ባዶ ነበር።

ቤት ስገባ ጫማው ተወልውሎ ለባለቤቱ ተመልሷል። አባቴ ተረከዙ ተልጦ እግሩን በጨው ውኃ ነክሮ ተቀምጧል። እናቴ ልጅቱ እንዴት ሆነች ስትለው፣ ወላሂ ደህና አድርጋ አለቻት አላት። እኔም ይቅር በለኝ ለማለት፣ እሱ መጀመሪያ እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። የግጥሙን ወረቀት እሱ ሳያየኝ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲያ መረብ ሲጠግን ላንብብልህ አላልኩትም፣ አንብቢልኝም አላለኝም። ትምህርት ቤት ወላጅ በጠራ ቁጥር ንፋሱ ይነሳል፣ ወይ መረቡ ይበጠሳል፣ እሱ አይመጣም። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ለእግሩ የሚሆን ሰፊ ጥቁር ጫማ ደሴ ድረስ ሄጄ ገዛሁለት፤ መርቆ ተቀበለኝና፣ ጋሽ ወርቁ ስላረፉ፣ ለሰፈሩ ሙሽራና ሽማግሌ ማዋሻ አደረገው። እሱ አንድ ቀን አላደረገውም። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ፣ ዛሬ ዝግ ጫማ አድርጌ በየአዳራሹ ግጥም አነባለሁ፤ ሰው ተውቦ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ማን እንደሰማኝ የማውቅበት የቆመ መርፌ የለኝም።

አባቴ ካቻምና አረፈ። ለቅሶው ላይ ሃያ ዓመት አብሮት የቀዘፈው አያ ሙሄ ከወንዶቹ ድንኳን ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። አባትሽ ታንኳ ላይ የሚላት አንዲት የሐይቁ መንዙማ ነበረችው አለኝ፤ ከማንም ሸህ አልሰማናትም፣ ከየት አመጣሃት ስንለው ልጄ ናት ያለቻት፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የሰማኋት ይለን ነበር፣ ዓሣ እምቢ ያለ ቀን ሁሉ እሷን በልልን ነበር የምንለው አለ።

እኔ ከዚያች ግጥም አንዲት ስንኝ እንኳ አላስታውስም። አያ ሙሄን እንዲልልኝ ለመንኩት። ዓይኑን ከደነ፣ እጁን እንደ ቀዛፊ ወደ ደረቱ ሳበ፣ ዜማውን ዝቅ አድርጎ ጀመረና ጥቂት ከሄደ በኋላ አቆመ። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ አቆመ።

«ቃሏን የሚይዘው እሱ ነበር፣ ልጀ» አለኝ። «እኛማ አሚን ነበር የምንል።»