የሶስና አልጋ

ልጄን የሆስፒታል አልጋዋን ቀማኋት።

ሶስና የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ካዛንቺስ አንድ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሲስተሯ ከአልጋ በጎን እንዴት እንደሚነሱ አሳይታን፣ «ዛሬ መራመድ አለባት፣ አለዚያ ቶሎ አይሻላትም» ብላኝ ሄደች። ልጅቷ ግን «ስፌቱ ይፈታል» ብላ አልነሳም አለች።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ላንቻ ሰፈር ሲሚንቶ እሸከም ነበር» አልኳት። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ፣ አባ?»

ላሳያት ብዬ «ጠጋ በይልኝ» አልኩና አጠገቧ ተጋደምኩ። «አየሽ፣ መጀመሪያ በጎን ትዞሪያለሽ፣ ከዚያ በክንድሽ…» ወገቤ ቋ አለና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ተመልሶ የተጫነኝ መሰለኝ።

«ተነስ እንጂ፣ አባ!»

«አልችልም።»

«አንተ እኮ ስፌት እንኳን የለህም!»

ላብ በላብ ስሆን አይታ ደነገጠች። በጎኗ ዞረች፣ በክንዷ ተደግፋ ተነሳች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ከኮሪደሩ «ሲስተር! አባቴን አንሱልኝ!» ስትል ሰማኋት።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር በእግሯ ወጥታ ቤቷ ገባች። ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት የመጡት ዘመዶች አልጋው ላይ ያገኙት እኔን ነው።