ያላጠፋሁት ካሴት

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ጾም ገደፍኩ ብያቸዋለሁ፣ ሰው አማሁ ብያቸዋለሁ፤ ይህ ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ሰው የሚናዘዘው እንዲህ ነው።

በደርግ ጊዜ ቀጨኔ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። የሰፈሩ ሕፃናት ከመዋዕለ ሕፃናት የሚመለሱት የሰልፍ መዝሙር እየዘመሩ ነው፤ የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ስለ ጠላት ይዘፍናሉ። የቤት ዘፈንም ይኑራቸው አልኩና ክራሬን አነሳሁ። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጠፋች ድመት፣ ጠዋት ኮት ስለ መልበስ፣ አሥራ ሁለት አጫጭር ዘፈኖች ደረስኩ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ልጆቹን አንድ ማይክሮፎን ፊት ሰብስቤ ቀዳኋቸው። ፈቃድ የለኝ፣ አሳታሚ የለኝ። ሐሳቤ ሁለት ቴፕ በሽቦ አገናኝቼ፣ ሰው ያረጀ ካሴቱን ሲያመጣልኝ እየገለበጥኩ መስጠት ነበር።

መሪዋ ሰናይት ነበረች፣ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ የዘነበች አንድያ ልጅ። ስድስት ዓመቷ ነው። ድምጿ ሻከር ይላል። የኮቱን ዘፈን ስትዘፍነው የምር የምትለምን ይመስል ነበር፦ «እማ፣ ኮቴን ቆልፊልኝ፣ ብርድ ገባኝ።»

ቀረጻው ባለቀ በሳምንቱ ኩፍኝ ገደላት።

እንደ ልማዳችን የልጅቷ ነገር ሁሉ ከእናትየው ዓይን ተሰወረ። ሴቶቹ ልብሷን ሰበሰቡ፣ ፎቶዋን ዘመድ ይዞት ሄደ። ካሴቱን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ከአርባው በኋላ ዘነበች ራሷ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች፤ የልጄን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ አለችኝ። አጥፍቼዋለሁ፣ ሌላ ቀድቼበታለሁ አልኳት። ካሴቱ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ለምን ዋሸኋት? አዝኜላት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ደለልኩ። ገልብጬ ልሰጣት አልችልም ነበር? እችል ነበር፣ ሥራዬ ነው። ግን ከሰማችው ለሌላ ሰው አትስጥብኝ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ክራሬ፣ ግጥሜ፣ የአንድ ክረምት ድካሜ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ሳሳሁ። የሞተች ልጅ ድምፅ ከእናቷ የሰረቅኩት ለአሥራ ሁለት ዘፈን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት ራቅ ላሉት ለሸጎሌ ሰዎች ነበር። ልጆቻቸው ወደዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ዓመት ሳይሞላው ቀጨኔ ተመልሶ መጣ። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል፣ ይርቃል። የእኔ ክራር ጨርሶ ጠፍቶ ሰናይት ብቻዋን ከጉድጓድ ውስጥ የምትጣራ ትመስል ነበር። የሰፈሩ ልጆችም ዘፈኑን ሲያወጡት ድምፃቸውን እንደ እሷ ያሻክሩት ጀመር።

ውሸቴ ሊጋለጥ መሆኑን ሳይ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዘነበች ሰምታ እንዳትሞትብን፣ እሷ ስትመጣ አጥፉት፣ ከጠየቀችም የሰማነው የለም በሏት አልኳቸው። ዘነበች ድምፁን ለምናኝ እንደ ነበር አላወቁም። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እሺ አሉኝ።

ከዚያ ምን እንደሆነ አስቡት። ዘነበች ከአጥር ማዶ ልጇ ብርድ ገባኝ ስትል ትሰማለች። ሮጣ ትገባለች። ቤቱ ጭጭ ይላል። የቤቱ እመቤት እጇን ቴፑ ላይ አድርጋ ዓይኗን መሬት ትተክላለች፣ ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ምንም አልነበረም እኮ ይሏታል። ወጥታ ወደ ሌላ ቤት ስትሄድ ያም ቤት ጭጭ ይላል። አንድ ቀን በሐምሌ ዝናብ ውስጥ የሰናይት መቃብር ላይ አገኟት፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የልጅቷን ኮት ጭቃው ላይ አንጥፋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍ ነበር።

ዘመዶቿ የሆነ ነገር ለክፏታል ብለው እንጦጦ ጠበል ሊወስዷት ተነሡ። አብሬ ሄድኩ። ነጠላዋን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሲወርድባት አጥማቂዎቹ የለከፋትን መንፈስ ማነህ፣ ልቀቃት እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሌሎቹ ተጠማቂዎች ይጮኻሉ፣ እሷ አልጮኸችም። ከንፈሯ ጠቁሮ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዴ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። «አብጃለሁ?»

አጎንብሼ ነጠላዋን አጠፍኩ። ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። እሷም ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

ሰባቱን ቀን ተጠምቃ ተመለሰች፤ ሰፈሩም ዳነች ብሎ ተደሰተ። ከወራት በኋላ ሱሪ ላሳጥር ቤቷ ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው። የስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች ሳለ ከጎረቤት ዘፈኑ ተነሣ፤ ማጥፋቱን ረስተውታል። እማ፣ ኮቴን ቆልፊልኝ። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። እኔም እሰማለሁ፣ እሷም ትሰማለች። አሁን ልንገራት አልኩ።

ሳልጠይቃት ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም አልሰማም» አለች። «ድኛለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አዎ፣ በዚህ አፌ። እሷም ጨርቁን አስተካክላ መስፋቷን ቀጠለች፤ ልጇም እስከ መጨረሻው ዘፈነች።

ዘነበች ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረች፣ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ስትሞት አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ጥሩ ጎረቤት እየተባልኩ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አዝኖላት ነው ብላችሁም አትከራከሩልኝ፤ ያን እኔ ለራሴ ብዬዋለሁ፣ አልጠቀመኝም። የዘነበች ጆሮ ጤነኛ ነበር። የሰማችው ልጇን ነው። ይህን መናገር የነበረብኝ ለእሷ ነበር።