ቤታችን የሌለበት አዋሽ

ባለቤቴ አዋሽ ጣቢያ የባቡር ጠጋኝ ነበር። እኔ ከወሎ መጥቼ እዚያው ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሆቴል ከፍቼ ሳለ ነው የተጋባነው፤ መኖሪያችንም እዚያው ሆቴሉ ሆነ፤ ዘመኑ ደርግ ነው። በተጋባን በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤት መምጣቱን ትቶ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወዳለ አሮጌ መጋዘን ይገባ ጀመር። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ ሄጄ ፀጉሯን እይዝ ነበር። እሱ የያዘው ባቡር ነው። የቲማቲም ጣሳዬ፣ ወንፊቴ፣ የክብሪት ቀፎ ሳይቀር እየተለቀመ እዚያ ገባ። "ምን እየሠራህ ነው?" ስለው "ሲያልቅ ታይዋለሽ" ይለኛል። እኔም እልህ ይዞኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን ሳልረግጥ ቀረሁ።

አለቀ ተብሎ አንድ እሁድ ጠዋት ለሕዝብ ሲከፈት ግን አላስችል አለኝ፤ ቀይ ሻሼን አስሬ ሄድኩ። ወላሂ፣ አፌን ይዤ ቀረሁ። መጋዘኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አገር ሆኗል። በዚህኛው ጫፍ አዋሽ፣ በወዲያኛው ድሬዳዋ፣ ጥጉ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጅቡቲ ባሕር። ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራውን ባቡር ከተጣለ ማራገቢያ የወጣ ሞተር በቀጭን ሽቦ ይጎትተዋል። የአዋሽን ድልድይ ሲሻገር ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ፤ ሲያልፍ አጨበጨበ።

ከዚያ ሁሉም የየራሱን ቤት ፍለጋ ገባ። ባለወፍጮው ወፍጮውን አግኝቶ ጮኸ። መስጊዱ ከነሚናራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከነጉልላቱ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤቱን ከነባንዲራው ሲያይ ደረቱን ነፋ። እኔም ዓይኔን አፍጥጬ ሆቴሌን ብፈልግ፣ በጣቢያውና በወፍጮው መካከል ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሌላ ዙር ዞርኩ። የለም።

በሆዴ ይዤው በሄድኩ ነበር። ነገር ግን ለሆቴሉ ፍየል የሚያመጡልን አንድ የአፋር ሽማግሌም መጥተው ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን አንድም ሳያስቀር ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ደግሞ ጎዶሎ አይወራም። ሽማግሌው በበትራቸው እየጠቆሙ "ይሄ የማን ነው? ይሄስ?" እያሉ ከተማውን አንድ በአንድ ጠየቁ። በመጨረሻ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"ያንተስ ቤት?"

"እሱ… ገና ነው" አለ።

"እኔ ወደ ዱብቲ መንገደኛ ነኝ። ይህን የሠራው ሰው ቤት የለውም ወይ ሲሉኝ ምን እላለሁ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መስኮቱ ስንት እንደሆነ ጠፋኝ" አለኝ።

የጣቢያውን ብሎን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው! ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ከፋኝ። "ና ቁጠረው!" ብዬ እጁን ይዤ ወጣሁ። ሕዝቡ በሳቅ ሸኘን።

ሽማግሌው ዳጉው ሳይሞላ አልሄድም ብለው ሆቴላችን ሰነበቱ። ባለቤቴም ያን ሳምንት ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት ነው። ሜትር ይዞ በሩን ይለካል፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል፤ ወጥ ቤት ገብቶ የጭስ መውጫውን ይመረምራል። እግረ መንገዱንም ከእኔ ጋር ይበላል፣ ያወራል። ስንት ጊዜ ሆኖን ኖሯል ሳናወራ! በአጠገቡ ሳልፍ "እስቲ ቁሚ" ብሎ እኔንም ይለካኛል።

በሚቀጥለው እሁድ ቤታችንን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። ጨርቁ ሲነሣ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። የሌላው ሰው ቤት የክብሪት ቀፎ ሲያክል የእኛ የሳሙና ካርቶን ያህላል። ከባቡር ጣቢያውም ይበልጣል። ከሦስቱ መስኮቶች በአንዱ እኔ ቀይ ሻሽ አስሬ ቆሜያለሁ።

ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም። "ጓድ፣ ይሄ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ዋጠው እኮ! የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ነው። ልኩን አስተካክል!"

በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ሲቆጣ ማን ይመልሳል? ባለቤቴ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው። ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ሊቀመንበሩ መዳፍ ላይ አኖረው።

"ይሞክሩት ጓድ ሊቀመንበር" አለ። "እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለካው ሰነበትኩ፤ ከዚህ አላንስ አለኝ።"

ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ኩርፊያ እዚያው በቆምኩበት ጠፋኝ። ኋላ ብፈልገውም አላገኘሁት።