ማየት ይችላል፣ መንካት አይችልም

አራት ዓመት የጻፍኩትን ፕሮግራም ያጣሁት በሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱንም የጻፈብኝ ጠላት አልነበረም። ራሴ ነኝ በገዛ እጄ፣ ያውም በጥሩ አማርኛ የጻፍኩት።

ሀጂ የምንላቸው አሠሪዬ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። አዋሽ ላይ ሆቴል አላቸው፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖችም አሏቸው። እኔ ሰመራ ቁጭ ብዬ የጻፍኩላቸው ፕሮግራም የመኪኖቹን ተራ ይይዛል፦ ማን ቀድሞ ደረሰ፣ ማን ምን ይጭናል፣ ማን ሰልፍ ጥሶ ገባ። ከዚያ በፊት ተራ የሚያዘው በደብተር ነበር፤ ደብተር ላይ ያለ ስም ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው መጥቶ ይሰርዘዋል። ስክሪን ላይ የወጣን ስም ግን ሹፌሮቹ አይከራከሩትም። ሌሎች ባለመኪኖች «እኛንም አስገቡን» እያሉ መምጣት ሲጀምሩ ነው ሀጂ የያዙት ነገር ምን እንደሆነ የገባቸው።

የሰመራው ቢሯችን ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቬንቲሌተር፣ ሁለት ሰው። ሁለተኛው ሰው አፋር፣ የአፋምቦ ልጅ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ተቀጥሮ ሥራውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ኮዱ የሚኖረው በሁለታችን ላፕቶፕ ላይ ሲሆን በመካከላችን የሚመላለሰው በፍላሽ ነበር። አንድ ቀን የኔን ፎልደር በእሱ ላይ ገለበጥኩበትና የሳምንት ሥራው ድራሹ ጠፋ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብቻዬ የምጠቀምበትን የለውጥ መመዝገቢያ አሳየሁት። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደለወጠው፣ ለምን እንደለወጠው ይናገራል። አይቶ ሳቀ። «ይሄማ ዳጉ ነው» አለኝ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ወሬው ግን ከነነጋሪው ነው የሚሄደው። ማን አየ? አንተ ከማን ሰማህ? «ነጋሪ የሌለው ወሬ እኛ ጋ ወሬ አይባልም» አለኝ። ይህን አባባሉን ወደድኩለትና ለሰው ሁሉ አወራሁለት።

ስለ ጠፋው ሥራ ሀጂ ሲሰሙ በስልክ አዘዙኝ። «ለዚህ ነገር ቦታ ፈልጊለት፤ ሌላ ሰው የማያየው ቦታ።» ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ትልቁ የውጭ ድረ ገጽ ነው። ሁለተኛው ማን ምን መንካት እንደሚችል በዝርዝር የሚከፋፍል፣ ግን የውጭ አገር የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ነው፤ እኛ ካርዱን ከየት እናመጣለን? ሦስተኛው የራሳችንን ማሽን ገዝተን ሀጂ ቢሮ ማስቀመጥ ነበር። ሦስተኛውን ያስገባሁት ለወጉ ነው፤ በአዋሽ ሙቀትና በአዋሽ መብራት ማሽን ሌት ተቀን ይሠራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ጤናው ይታይ። የመጀመሪያውን መረጥኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ በላፕቶፓችን እንሠራለን፣ ሲመጣ እንልካለን፤ በቃ።

ሀጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። እኔም ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ እየተረጎምኩ፣ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሌላ ሰው የማያየውን፣ ፕራይቬት ሪፖ የሚባለውን ቦታ «የግል ማከማቻ» አልኩት። መጨረሻው ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፦

ባለቤት፦ እኔ። ሁሉንም ማድረግ ይችላል።
አባል፦ ባልደረባዬ። መጻፍ ይችላል።
ተመልካች፦ ሀጂ። ማየት ይችላል፣ መንካት አይችልም።

ድረ ገጹ ራሱ የሚጠቀምበት ቃል ነው። አካውንቱን የሚያስተዳድረው ሰው «ባለቤት» ይባላል። ሀጂ ፓስወርድ ይዘው ምን ሊሠሩበት ነው? ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ አዋሽ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት።

የሆነውን የሰማሁት ከባልደረባዬ ነው፤ እሱ ከሹፌሩ፣ ሹፌሩ በዓይኑ አይቶ። ከአስር ሶላት በኋላ ሀጂ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አምስት ስድስት ከሚሆኑ ባለመኪኖች ጋር ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን ስላልያዙ ወረቀቱን ለሆቴሉ ጸሐፊ ሰጥተው «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሏት። ልጅቷ አነበበች። የግል ማከማቻ። ባለቤት፦ እኔ። ተመልካች፦ ሀጂ። በረንዳው ሙሉ ሳቀ፤ አንዱም «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ። ሀጂ አልሳቁም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ተነሡ።

በነጋታው ጥሪ መጣልኝ። «ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ።» በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገዋኔ ቁርስ ላይ ስንቆም አልበላሁም፤ ተሰልፈው የቆሙትን መኪኖች እያየሁ የምናገረውን አጠና ነበር። ሀጂ፣ ይህ የቴክኒክ ቃል ነው። ሀጂ፣ በእንግሊዝኛው እንዲህ ነው የሚለው። አዋሽ ስደርስ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። ውሃ አስመጡልኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ ሀጂ። ግን እዚያ ላይ ያለው ቃል…»

«ባለቤቱ ማን ነው ይላል?»

«እኔ ይላል። ማለቴ አካውንቱን የሚያስተዳድር ሰው…»

«እኔንስ ምን ይለኛል?»

«ተመልካች።»

«የኳስ ነው የሠርግ?»

እሳቸው ድምፃቸውን አላነሡም። «ሌባ ነሽ አላልኩም። ወላሂ አላልኩም። ግን ሰው የሚጽፈው በልቡ ያለውን ነው። እኔ አማና ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»

ምኑን ነው የሰጡኝ? ባዶ ላፕቶፕ ነው የሰጡኝ። ውስጡ ያለውን ሁሉ ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እየተቀቀልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሀጂ» ነው። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህቺ ይቅርታ ናት።

«አብሽሪ፣ ተይው» አሉኝ። ማሽን ገዝተው እዚሁ በቁልፍ እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ። ላፕቶፑንም እዚሁ ትቼው እንድሄድ፤ የወሩ መጨረሻም የኔ መጨረሻ እንደሆነ። ከበረንዳው ስወርድ በወረቀቱ ከሳቁት ሰዎች ሁለቱ ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው «ባለቤቷ መጣች» አለ፤ ለጓደኛው ሳይሆን እኔ እንድሰማ።

ወደ ሰመራ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሀጂን ስረግም መጣሁ። ገዋኔን ካለፍን በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ሠንጠረዥ ስጽፍ «ኃላፊ» የሚል ቃልም መጥቶልኝ ነበር። ጽፌው ሰረዝኩት። «ባለቤት፦ እኔ» የሚለው ሲጻፍ ደስ አለኝ፤ ደግሜ አየሁት፣ ደስ አለኝ። ሀጂ ልቤን አንብበውት ነበር ማለት ነው። ማንበባቸውን ይቅር ልላቸው አልቻልኩም።

አሁን እዚያው ሰመራ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ፎልደር እንዴት እንደሚከፈት፣ ፋይል በምን ስም እንደሚቀመጥ። የሀጂ ማሽን አንድ በጋ እንኳ አልዘለቀም፤ ከሙቀቱና ከመብራቱ የትኛው እንደገደለው አላውቅም። ባልደረባዬ ፕሮግራሙን ከራሱ ላፕቶፕ አውጥቶ እኔ ወደመረጥኩት ድረ ገጽ አዛወረው። ሠንጠረዡ ያው የኔ ነው፤ ባለቤት፦ ሀጂ ሆኖ ነው እንጂ። ፓስወርዱን ግን የሚይዘው እሱ ነው። ይህን በረንዳ ላይ ያነበበ የለም።

በቅርቡ ደወለልኝ። የተራው ሰዓት ተምታቷል፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የገባ መኪና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከገባው ጋር እየተቀላቀለ ገዋኔ ላይ ሹፌሮች ሊደባደቡ ደርሰዋል። «እህቴ፣ የድረ ገጹን ግብዣ ልኬልሻለሁ፤ ክፈቺና እዪልኝ» አለኝ። ከፈትኩ። ከስሜ አጠገብ በእንግሊዝኛ ማዕረጌ ተጽፏል፤ እኔ ያነበብኩት ግን በራሴ አማርኛ ነው። ተመልካች።

ከዚያ የለውጦቹን መዝገብ ከፈትኩ። የአራት ዓመት ለውጥ፣ እያንዳንዱ ከነቀኑ ከነምክንያቱ የነበረበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ አለ። «የመጀመሪያ ሥራ» ይላል። ጸሐፊው እሱ ነው።

«ስሜ የት ሄደ?» አልኩት።

«ሀጂ ናቸው ከአዲስ ጀምር ያሉኝ።»

«ዳጉ ላይ ነጋሪው ይዘለላል እንዴ?»

የዚያች ክፍል ቬንቲሌተር ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማኛል። «እህቴ፣ ሹፌሮቹ እየጠበቁ ነው» አለኝ።

ነገርኩት። ፋይሉን ነገርኩት፣ መስመሩን ነገርኩት፤ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት እንዲቆጠር ያደረግሁባትን፣ እሱ ሳያውቅ ያጠፋትን መስመር። ለሹፌሮቹ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። ፕሮግራሜ ሲሳሳት ማየት አልችልም።

ገጹን መልሼ ስከፍተው ሁለተኛ መስመር ተጨምሯል። «የሰዓቱ ችግር ተስተካከለ።» ጸሐፊው አሁንም እሱ ነው። የጸሐፊውን ስም ራሴ ላስተካክል ብዬ ነካሁት፤ ገጹ «ፈቃድ የለሽም» አለኝ። ከግብዣው መውጫው እዚያው ገጹ ላይ አለ፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። እስካሁን አልወጣሁም። ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ከፍቼ አያለሁ።