ደቂቃ የደበቃቸው እንክብሎች

የአውቶቡሱን ሹፌር ሁሉም «ደቂቃ» ነበር የሚሉት። ዝናብ ቢጥል መንገድ ቢጨናነቅ አያረፍድም፤ እየሮጠ የሚመጣ ተሳፋሪ እያየ እንኳ በሩን ዘግቶ ይነሳል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል የገባ ጊዜ፣ «የስንቱን ቆሽት ሲያሳርር ኖሮ የራሱ አረረ» ብለው የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁ። የቆሽት ካንሰር መሆኑ ሲሰማ ቀልደኞቹ ቀና ብለው መተያየት አቃታቸው።

«ዕጢው የደም ሥሩን አቅፎታል፤ አሁን ብንነካው እርስዎን እናጣለን» አለችው ቀዶ ሐኪሟ። «መጀመሪያ በኬሞ ይኮማተር።»

ለወራት ኬሞ ወሰደ። ፀጉሩ ረገፈ፤ ዕጢውም ፈራ ተባ እያለ ተኮማተረ። ቀኑን ሙሉ በፈጀ ቀዶ ሕክምና የቆሽቱን ራስና የተነካውን የደም ሥር ቆርጠው አወጡ፤ የቀረውን ቀጣጠሉት። ከሆስፒታል ሲወጣም የቀረችው ቆሽት ቅባት መፍጨት ስለማትችል፣ ከምግብ ጋር ሁልጊዜ የሚዋጥ እንክብል ታዘዘለት፤ ካልዋጠው ቅባቱ ሳይፈጭ በሚከረፋ ተቅማጥ ይወጣል።

ሥራ ሲመለስ ግን በባልደረቦቹ ፊት መድኃኒት መዋጥ ሞት መሰለው። እንክብሉን ሳይውጥ ኪሱ ውስጥ እያሻሸ ምሳውን ይበላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ መሀል ተቅማጥ አጣደፈው። አውቶቡሱን አንድ ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ አቁሞ ዘሎ ወረደ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ሽንት ቤት።»

ልብስ ሰፊው በመቀሱ ወደ ጓሮ ጠቆመው። ደቂቃ ሲመለስ ሽታው ተከትሎት ገባ። ሰውየው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ትኬት ቆራጯ ተሳፋሪዎቹን «ሞተሩ ግሎ ነው፣ ይቅርታ» ስትል ደረሰ። ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመሪው ሳያነሳ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ መብላት ተወ። ቤት ሲገባም «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» ይላል። ሰውነቱ እንደ ሻማ ቀለጠ። ሚስቱ የከሳ አንገቱን ታያለች።

በቀጠሮው ቀን ሚዛን ላይ ሲወጣ የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። «ዕጢው ተመልሶ እንዳይሆን ምርመራ እንድገም» አለች። ሚስቱ አፏን በመሀረብ ይዛ ወጣች። በበሩ በኩል ለእህቷ በስልክ፣ «ልጆቹን ምን ብዬ ልንገራቸው?» ስትል ሰማት። ለምን እንደከሳ እሱ ያውቃል። አንዲት ቃል ብትወጣው ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ያሳርፋታል።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ ወለሉን እያየ፣ «እየበላሁ አይደለም። እንክብሉንም አልዋጥኩም። ሽታው... አፈርኩ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ለባለቤትዎም ራስዎ ይንገሯቸው» አለችው።

ወጥቶ ነገራት። ሚስቱ መሀረቡን ከአፏ አወረደች።

«እኔ እኮ ስቀብርህ ነው የሰነበትኩት» አለች። «ከእኔ ነው ሽታ የምትደብቀው? ሆስፒታል ተኝተህ ስታጠብ የማን እጅ መሰለህ?»



ምርመራው ንጹሕ ሆነ። አሁን እንክብሉን ባልደረቦቹ ፊት ይውጣል፤ ዞር ብሎ ያየውም የለም። ኪሎው ቶሎ ተመለሰ። ከሚስቱ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየቱ ግን ዘገየበት። ሳህኑን እያቀረበች «ዋጥክ?» ትለዋለች።

«ዋጥኩ» ይላታል፣ አንገቱን ደፍቶ።