ጨዋ ልጅ

እህቴ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ልጇ ስድስት ወሩ ነበር። ጡት ያስጣለችው ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ያለችው ሱቄ ድረስ መጥታ ከአንድ ጡጦና ከሁለት ፎጣ ጋር አስረከበችኝ። እኔ አልወለድኩም፤ ሕፃን ማቀፍም ብዙ አይሆንልኝም። እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ስላልቻልኩ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያለማቋረጥ አለቀሰ። ወደ ሱቁ የመጣ ሁሉ መድኃኒት ያዝዝልኛል። አንዷ «ሆዱን ነፍቶት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ዓይን ነው፣ ሸፍኚው እንጂ» ትላለች። ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ «እናቱን ነው የሚጠራው፤ ምን ታደርጊዋለሽ» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። እውነቱን የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ለእኔ የተመቸኝ ግን የቤት ጎረቤቴ ምክር ነው፦ «ተይው፤ ሲደክመው ይተዋል።» ተውኩት። ደከመውና ተወ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ከባንኮኒው ኋላ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፌ አስተኛዋለሁ፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይውላል። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ አጎንብሶ ያየውና «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። በእኛ ዘንድ ልጅ ከዚህ በላይ አይመሰገንም፤ አሳዳጊውም አብሮ ይመሰገናል። እኔም ምስጋናዬን ተቀበልኩ። ወተት ሲያጥረኝ በውሃ አቀጥነዋለሁ፣ እሱም ዝም ነው። «ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ገበያ ላይ ለሰው ተርቼ ይሆን! ለካርቶኑ ግን ትዝ አላለኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቴ ደወለች።

«ተኝቷል እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ነቅቷል፤ አጠገቤ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይሰማኝም?»

«ጨዋ ነው ልጅሽ፤ ደስ ይበልሽ።»

ከወዲያ በኩል ተቀጥራ የምታሳድገው የሰው ልጅ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እቴ፣ የእኔ ልጅ እኮ ጨዋ አልነበረም» አለች። «በሞቴ እስቲ አስለቅሺው።»

ስልኩን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ጭኑን ቆነጠጥኩት። ስለቀውም ቆዳው እንደተነሳ ቀረ። ፊቱ ለልቅሶ ተጨማደደ፣ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«እየሳቀልሽ ነው» አልኳትና ዘጋሁት። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አላውቅም።

ሱቁን ቆልፌ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት። ነርሷ ክንዱን ባለቀለም ጥብጣብ አዙራ ለካችው፤ ቀዩ ላይ ቆመ። «ያለቅሳል?» ስትለኝ፣ አፌ ለምዶት «ኧረ እሱ ጨዋ ነው!» አልኩ። ከምትጽፈው ወረቀት ቀና ሳትል «ጨዋ አይደለም። የሚያለቅስበት አቅም አልቆበት ነው» አለችኝ። መደንገጥ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። አልጋው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋት።

በተኛንበት ክፍል ስድስት ሕፃናት ነበሩ፤ አንዱም አያለቅስም። ከጎናችን ያለችው እናት ልጇን ይዛ ከአበርገሌ የመጣች ናት። አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው፤ አማርኛዋ ጥቂት ስለሆነ ብዙም አናወራም። በተነገረን ሰዓት የሆስፒታሉን ወተት በሲኒ በትንሽ በትንሹ እናጠጣለን፣ ከዚያ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እህቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ አላነሳም። ይተርፍ ይሆን ብዬ እንኳ በቅጡ አልጸለይኩም። ልቤ ተኝተውበት እንዳደረ ክንድ ነበር፤ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ መርፌ ስትወጋው ጮኸ። የተቆጣ፣ ክፍሉን የሞላ ልቅሶ ነበር። እናቶቹ ሁሉ ዞሩ። ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኩትና «እሽሽ፣ በቃ፣ አይዞህ» እያልኩ ጀርባውን መታ መታ አደርገው ጀመር። እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት።

የአበርገሌዋ እናት እጇን ክንዴ ላይ ጣል አደረገች። የእሷ ልጅ እቅፏ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ዝም ብሏል።

«ተይው፣ እቴ፣ አታባብይው» አለችኝ። «ትንሽ ልስማው።»